በእሁድ የሚሞሉ ሰዓቶች

የእጅ ሰዓት ስብስብ አለኝ ስል ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት የእጄን አንጓ ነው። በሥራ ቀን ባዶ ነው። ቀጥለው ጫማዬን ያያሉ፤ እሱን ካዩ በኋላ ወሬ ይቀይራሉ።

አንድ የጥርስ ሐኪም ወዳጄ ግን አምኖኝ እዚህ ሉሳካ ያለ የሰዓት ሰብሳቢዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ወሰደኝ። ሰዎቹ ሰዓቶቻቸውን ከፋይ ጨርቅ ላይ ዘርግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ፤ የታመመ ሰው የተኛበት ክፍል ይመስላል። አንገቱ ላይ የሐር ሻርፕ የጠመጠመ አንድ ሰውዬ ወደ እኔ ዘወር አለና፣

“የእርስዎ ስብስብ በምን ላይ ያተኮረ ነው? በአብራሪዎች? በባሕር ጠላቂዎች?” አለኝ።

“በማዕድን ቆፋሪዎች።”

“ኦ! አዲስ ነገር ነው። ማን ነው የሰበሰበልዎ?”

“ናዳ” አልኩት።

ወዳጄ ከዚያ ቀን ወዲህ ጋብዞኝ አያውቅም።

ስብስቤ የሚያድረው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ክዳኑ ላይ ቀይ ካፖርት የለበሰች ነጭ ሴት ነበረች፤ ፊቷ ከብዙ መነካካት ተፍቆ አሁን ካፖርቱ ብቻ ቀርቷል። እሁድ እሁድ እከፍተዋለሁ። አንዱ የሩሲያ ነው፤ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። አንዱ መስታወቱ ተሰንጥቆ ዘንጎቹ ከስንጥቁ ሥር ሲያልፉ የሚያነክሱ ይመስላል። አንዱ ቁጥሮቹ በጨለማ ያበሩ የነበረ ጥቁር ፊት ሰዓት ነው፤ የእሱን ነገር እመጣበታለሁ። ሁሉንም እሞላቸዋለሁ። ከዚያ ሳሎኔ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ምስጥ እንጨት የሚበላ ይመስላል። ሌባ ቢገባና ቢያገኛቸው የሰደብኩት ነው የሚመስለው።

ልጅ ሳለሁ ግን በዚህ ቆርቆሮ የተነሳ አጎቴ ካቶንጎ በመዳብ አገር ውስጥ አንደኛ ሀብታም እንደሆነ አምን ነበር። ከስህተቶቼ ሁሉ ትንሹ ያ ነው።

የምንኖረው የመዳብ ማዕድን ኩባንያው ለሠራተኞቹ በሠራው ሰፈር ነበር፤ እናቴ፣ የእናቴ ወንድም ካቶንጎና እኔ። በእኛ በቤምባዎች ዘንድ ልጅ የእናቷ ወገን ናት፤ ስለዚህ “የሎምቤ አባት የት ሄደ?” ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ሦስታችንም የፍየል ጎሳ ነን፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ጎሳ ቢጨመር ለመኝታም ቦታ አልነበረም። እናቴ በር ላይ ቦምቦሊኖ ትጠብሳለች። አጎቴ የመብራት ክፍል ኃላፊ ነው።

ይህን የመብራት ክፍል የሚባል ነገር እኔ የከተማው መብራት ሁሉ የሚበራበትና የሚጠፋበት ክፍል አድርጌ ነበር የያዝኩት። መብራት በጠፋ ቁጥር የጎረቤት ልጆች በአጥር ላይ ተንጠልጥለው፣

“ሎምቤ! አጎትሽ ምን ሆነ?” ይሉኛል።

“ተናዶ ነው” እላለሁ፣ ኮራ ብዬ። “እናንተ ናችሁ ያናደዳችሁት።”

እውነተኛ ሥራውን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ቆፋሪው ወደ ታች ከመውረዱ በፊት በአጎቴ መስኮት በኩል ያልፋል። አጎቴ የቆፋሪውን የራስ መብራት ከሚስማሩ አውርዶ ይሰጠዋል፤ ቆፋሪው የእጁን ሰዓት ፈትቶ ይሰጠዋል፤ ታች ያለው ውሃና የድንጋይ ብናኝ ሰዓት አያኖርምና። አጎቴም ሰዓቱን በዚያው ባዶ ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል። ሌላ ደንብ የለም። ሚስማሩ ላይ መብራት ካለ ሰውዬው ፀሐይ ላይ ነው፤ ሰዓት ካለ ሰውዬው መሬት ውስጥ ነው። ግድግዳውን አንዴ ማየት ይበቃል።

እኔ ገና አፌን በደንብ ሳልፈታ ታች ናዳ ወረደ። ሰዎቹ ፈረቃቸውን ጨርሰው መውጣት ባለባቸው ሰዓት ግድግዳው ላይ ሰዓቶች ቀሩ። አጎቴ ጠበቀ፤ ወራት ጠበቀ። ከዚያ በብስኩት ቆርቆሮ ሰብስቦ ወደ ቤት አመጣቸው።

ለምን ባለቤት አጡ ቢባል፣ በእኛ ዘንድ ሟች ገላው ላይ ያደርገው የነበረ ነገር ዕቃ ስላልሆነ ነው። ድሮ ቀስቱ ነበር፤ ከዚያ ቀበቶው ሆነ፤ በማዕድን ከተማ ደግሞ ሰዓቱ። ያን ያጠለቀ የሟቹ ጎሳ ሰው የሟቹን ስም ይወርሳል፤ ከስሙ ጋር ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ አማቶቹንና ያልጨረሰውን ጠብ ሁሉ። ሚስቱ ልትነካው አትችልም። ወራሹ ከወደደ ያገባታል፤ ካልወደደ አንጓዋ ላይ ነጭ ጨሌ ያስርላትና ነጻ ያወጣታል። ወራሽ እስኪገኝ ግን ሴትዮዋ ሚስትም አይደለች፣ ነጻም አይደለች። የእነዚያ ሰዎች ወገኖች ደግሞ ሩቅ ሰሜን ነበሩ፤ ቅርብ የነበሩትም ድንጋይ የበላውን ሰው ስም ማጥለቅ ፈሩ።

እኔ የማውቀው ይህን አልነበረም። የማውቀው አጎቴ በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሀብቱን እንደሚቆጥር ነው። በሳምንት አምስት ቀን ንሺማ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ በካፔንታ እንበላለን፤ የዚያን ደረቅ ዓሣ ዓይን ሳይ ያፈርኩበት ቀን አለ። የጫማው ሶል በሽቦ የታሰረ ነው። ይህ ሁሉ ለእኔ ማስረጃ ነበር፤ ሀብታም ሰው እንዲህ የሚኖረው ሌባ እንዳይጠረጥረው ነው። ራሱ አንድም ሰዓት አለማሰሩ ደግሞ ጉዳዩን ዘጋልኝ። ባለ ሱቁም የሱቁን ብስኩት ሲበላ አይቼው አላውቅም።

እና በየእሁዱ፣ ልክ ቆርቆሮው ሲከፈት፣ የንጎሳ እናት ትመጣለች።

ረጅም ሴት ነበረች። ሳቋ ከእሷ ቀድሞ በር ይገባል። ልጇ ንጎሳ አዳሪ ትምህርት ቤት ስለነበር ብቻዋን ነው የምትኖረው። ጎሳዋ ነብር ነው፤ ነብርና ፍየል ደግሞ ከጥንት የሚቀላለዱ ጎሳዎች ናቸው። ነብር ድስትህን ከፍቶ ሥጋህን ቢበላ፣ በሰው ፊት ቢሰድብህ፣ ለቅሶ ቤት መጥቶ በሬሳው ቢያላግጥ መቀየም የለም። አጥሩ ጋ ስትደርስ ትጮኻለች፦

“ፍየሎች! ነብር መጥቷል፣ በሩን ክፈቱ!”

እናቴ እጇ ሊጥ እንደሆነ፣ “ጥርስ የሌለው ነብር ምን ያደርጋል? ሣር ልትለምኚ ነው አይደል?”

“ጥርሴማ ሳምንቱን ሙሉ ሲሳል ነው የከረመው። ያ የሰባው የታለ?”

“የሰባ! ጎኑን ብታዪው ራርተሽ ሁለት ቦምቦሊኖ ሰጥተሽው ትሄጂያለሽ።”

“ዛሬስ እበላዋለሁ። ከነቀንዱ!”

ቀልድ መሆኑን አውቅ ነበር። ግን ልጅ ቀልድን የምታውቀው የተቀለደበት ሰው ሲስቅ ነው፤ አጎቴ አይስቅም። “እበላሃለሁ” ስትለው አንገቱን ይደፋል። እጁ ይንቀጠቀጣል። አንድ ጊዜ የሩሲያው ሰዓት ከእጁ አምልጦ ጠረጴዛው ላይ ወድቆ የጎድጓዳ ሳህን ጠርዝ ሰብሯል። ከእኔ በቀር ሁሉም ሰው የእጁ መንቀጥቀጥ ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። እኔ ፍየል ነብር ፊት ሲቆም እንዲህ ይሆናል ብዬ ደመደምኩ፤ ሴትዮዋም በቀልድ ተሸፍና የአጎቴን ሀብት ልትበላ የምትመጣ ናት ብዬ ያዝኳት።

የእሷ ጉዳይ ከአንድ ሰዓት ጋር ነበር፤ ከጥቁር ፊቱ ጋር። የባሏ የምፓሺ ነው። ምፓሺ እንደኛው ፍየል ነበር፤ ከአጎቴ ጋር አንድ ወንበር ላይ የተማሩ ናቸው። አጎቴ ያን ሰዓት መጨረሻ ላይ ያነሳዋል፣ ይሞላዋል፣ ከዚያ እሷ እንዳትነካው በመጠንቀቅ ጆሮዋ አጠገብ ይይዝላታል። እሷም ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ሌላ ድምፅ አይኖርም፤ የእናቴ ዘይት እንኳን ዝም ያለ ይመስለኝ ነበር።

አንድ እሁድ በመጋረጃው በኩል ሰማኋቸው።

“ለምን አታጠልቀውም?” አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

“እንዴት ብዬ?”

“በግራ እጅህ። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው።”

“አትቀልጂ እንጂ።”

“ነብር ነኝ፣ ሥራዬ ነው። ግን ባልቀልድስ? አንተም ፍየል፣ እሱም ፍየል። አንድም ሰው ‘ለምን’ አይልህም።”

አጎቴ ሰዓቱን በጃኬቱ እጅጌ ጠረገው። የተጠረገ ነበር።

“ካጠለቅሁት ምፓሺ ሆንኩ ማለት ነው። ጠዋት ስነሳ ‘ምፓሺ፣ እንዴት አደርክ’ ልትይኝ ነው።”

“ምፓሺ መጥፎ ሰው ነበር?”

“ከእኔ ይሻል ነበር። ችግሩ እሱ አይደል።”

“አንተ ሰውዬ፣ አርጅቼ አጥንት ስሆን ልትጠብቅ ነው?”

“ሌላ ፍየል ያጥልቀውና ጨሌውን ይሰርልሽ። ከዚያ…”

“ከዚያ ምን?”

አጎቴ ሰዓቱን ቆርቆሮው ውስጥ መለሰና ክዳኑን ገጠመ።

ዛሬ ይህን ንግግር እንደ ጸሎት አውቀዋለሁ። እሷ፦ አጥልቀውና ውሰደኝ ነው የምትለው። እሱ፦ ሌላ ሰው ነጻ ያውጣሽና በራሴ ስም ልጠይቅሽ፣ በምፓሺ እግር ተተክቼ ሳይሆን ካቶንጎ ሆኜ። ያኔ የገባኝ ግን ሴትዮዋ አንዱን ንብረት ከቆርቆሮው ልታስወጣ እንደምትታገልና አጎቴ በጀግንነት እምቢ እንዳለ ነበር። ስትወጣ እናቴ መጥበሻዋን እየፋቀች፣ “ሁለቱም ሞኞች! ሰዓት ሲሞሉ ሊሸብቱ ነው” አለች። እናቴም ለሀብቱ አታስብም ማለት ነው ብዬ በጣም አዘንኩባት። ለሀብቱ የማስበው እኔ ብቻ ቀረሁ።

የማዕድን ኩባንያው ሊሸጥ ሲል የሰፈሩ ቤቶች ለነዋሪዎቹ በስማቸው ተሰጡ፤ የንጎሳ እናትም የቤት ባለቤት ሆነች። በዚያው ወር ዌብስተር የሚባለው የምፓሺ የእህት ልጅ ታየ። የሚኒባስ ረዳት ነበር፤ ጫማው ሹል፣ መነጽሩ ጥቁር፣ ድምፁ መኪና ውስጥ ሆኖ ሰው የሚጠራ። ከናዳው ወዲህ ባሉት ዓመታት ሁሉ ደህና ሲተኛ ኖሮ፣ ቤቱ በስሟ የሆነ ሰሞን እንቅልፍ እምቢ አለው።

“አጎቴ በሕልሜ መጣ” አለ፣ ግቢያችን ውስጥ ቆሞ። “‘ዌብስተር፣ ስሜን ሜዳ ላይ ጣልከው’ አለኝ። አለቀስኩ! እዚያው አልጋዬ ላይ አለቀስኩ!”

“መነጽርህን አድርገህ ነው የተኛኸው?” አለች እናቴ።

ሕግ ግን ከእሱ ጋር ነበር። ሰዓቱን ካጠለቀ ስሙን፣ የንጎሳን እናትና እሷ ያለችበትን ቤት ያጠልቃል። የጎሳችን ሽማግሌ ተጠርተው በእሁዱ ግቢያችን ውስጥ፣ ማንጎው ሥር ጉባኤ ተቀመጡ። ከነብሮቹም ጥቂቶች መጡ። የንጎሳ እናት ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የዚያን ቀን ከአጥሩ ውጭ አልጮኸችም። አጎቴ ቆርቆሮውን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል። ሀብታችን ሊያልቅ እንደሆነ እኔ ከጠዋት ጀምሮ ከፊቱ አንብቤው ነበር።

ስለዚህ እነሱ ገና ወንበር ሲያወጡ እኔ ገብቼ ነበር። ጥቁሩን ሰዓት ከቆርቆሮው አውጥቼ ለአንጓዬ ስለሰፋኝ ከክርኔ በላይ አጠለቅሁትና የትምህርት ቤት ሹራቤን ደረብኩበት። ጥቅምት በእኛ አገር የሙቀት ወር ነው፤ የማንጎ ቅጠል እንኳን ላብ ያንጠባጥባል።

አጎቴ ክዳኑን ከፈተ። በጣቱ ፈለገ። እንደገና ፈለገ። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ያስገርመኛል፤ ሲያስበው የኖረውን ነገር ሌላ ሰው ያደረገለት ይመስል ነበር።

“የለም” አለ።

“የለም?” ዌብስተር ብድግ አለ። “ምን ማለት ነው የለም? የሟች ሰዓት ይበላል እንዴ? ሌቦች! እዚህ ግቢ ውስጥ ያለ ሁሉ ሌባ!”

እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

“አንቺ ልጅ፣ በዚህ ሙቀት ሹራብ ምን ያደርግልሻል?”

“በርዶኝ ነው።”

ላቤ በአገጬ ይወርዳል። እናቴ እጅጌዬን ወደ ላይ ሳበችው።

ከዚያ ዌብስተር፣ “ልጅ ናት እኮ! አውልቁላት!” ብሎ ወደ እኔ ሲመጣ ሽማግሌው በትራቸውን እግሩ ፊት ጣሉት።

“ቀስ። ማን ነው ያጠለቀልሽ፣ ልጄ?”

“ራሴ።”

“ጎሳሽ ማን ነው?”

“ፍየል።”

“ለምን አጠለቅሽው?”

“ነብር እንዳይበላብን።”

ሳቁ እስከ መንገድ ተሰማ። ከሁሉ የሳቁት ነብሮቹ ናቸው፤ አንዲት የነብር ጎሳ አሮጊት ማንጎው ላይ ተደግፋ ጉልበቷን ስትመታ አስታውሳለሁ። የንጎሳ እናት ብቻ አልሳቀችም፤ አፏን በእጇ ሸፍና ታየኝ ነበር።

ሽማግሌው እንባቸውን ጠረጉና፣ “በቀን፣ በሰው ፊት፣ በፍየል ክንድ ላይ ነው ያለው” አሉ። “ስሙ ገብቷል። አሁን ማን ያወጣዋል? አንተ ታወጣዋለህ፣ ዌብስተር?”

“አባባ፣ ይቺ ሴት ልጅ ናት! እንዴት አጎቴን ትሆናለች?”

“ሆነች እኮ። አጎትህ ፊትህ ቆሟል፤ ሰላም በለው።”

ዌብስተር መነጽሩን አወለቀ። ተንበረከከና ለአክብሮት ሁለት እጁን እያጨበጨበ “ደህና ነህ፣ አጎቴ?” አለኝ። እኔም እንደ ትልቅ ሰው ራሴን ነቀነቅሁለት። በሕይወቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር አግኝቻለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን የጣመኝ የለም።

ከዚያ የንጎሳ እናት በጉልበቷ እየሄደች መጣች። እናቴ ነጭ ጨሌ የተሰካበት ክር እጄ ውስጥ አደረገች። አንጓዋ ላይ አሰርኩላት፤ ቋጠሮው አልሆን ብሎኝ እናቴ አገዘችኝ። “‘ሂጂ፣ የወደድሽውን አግቢ’ በይ” አሉኝ ሽማግሌው።

“ሂጂ፣ የወደድሽውን አግቢ” አልኩ።

እሷ ግን አልሄደችም። እዚያው እንደተንበረከከች በትከሻዬ ላይ አሻግራ ትመለከት ነበር። ዞር ብዬ ሳይ አጎቴ ነው፤ ቆርቆሮውን እንዳቀፈ ቆሟል። አሁንም ቆርቆሮውን ነው የምታየው ብዬ ጨከንኩባት። አጎቴ ቀና አላለም። ክዳኑን ገጠመ፤ ገጥሞም በመዳፉ ተጫነው።

በሚቀጥለው እሁድ አልመጣችም። የምትመጣው ለሰዓቱ ነበር፤ ሰዓቱ ባለቤት ካገኘ በኋላ በምን ሰበብ ትምጣ? ነጻ የወጣች ሴት አንድ ወንደላጤ ቤት በራፍ ላይ “እበላሃለሁ” ብላ መጮህ አትችልም። ተራው የእሱ ነበር። አጎቴ ሰዓቶቹን ሞላ፤ ሞልቶ ሲጨርስ አጥሩን አየ። እኔ ያዘነው ሰዓቱ ስለጎደለበት መሰለኝና አወለቅሁት።

“እንካ፣ መልሰው” አልኩት።

“አይሆንም” አለኝ ቀስ ብሎ። “ያንተ ነው።” *ያንተ* አለኝ፤ ለምፓሺ ነበር መልስ የሚሰጠው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ የእሁዱን ጃኬት ለብሶ አገኘሁት። እሁድ አልነበረም። ምንጣፍ ላይ አስቀመጠኝ። ራሱ ፊት ለፊቴ መሬት ላይ ተቀመጠና እጁን አጨበጨበልኝ፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ለእኔ። እኔ ሸንኮራ እየመጠጥኩ ነበር።

“ምፓሺ” አለኝ።

“አቤት።”

“አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ሚስትህ ነጻ ወጥታለች፤ አንተው ነህ ያወጣሃት።” የጃኬቱን ቁልፍ ቆለፈ። “እኔ ብጠይቃት… ቅር ይልሃል?”

ሴትዮዋን ለማግባት እንደጠየቀኝ በደንብ ገብቶኛል። ያልገባኝ ነገር ለምን እንደሚፈልግ ነበር። ስንት እሁድ ከነቀንዱ ልትበላው ስትዝት ሰምቻለሁ፤ አሁን ፍየሉ በራሱ እግር ወደ አፏ ሊሄድ ነው። ከእኔ በቀር የሚያስቆመው ማን አለ?

“አይሆንም” አልኩት።

“ለምን?”

“ትበላሃለች።”

ሊስቅ ይችል ነበር። አንድ ጊዜ ቢስቅ ኖሮ ሁሉም ነገር ይለወጥ ነበር። እሱ ግን ሸንኮራዬን፣ ክንዴን፣ ሰዓቱን አየ።

“እሺ” አለ። “ገብቶኛል፣ ወንድሜ።”

እንደገና አጨበጨበልኝ፤ ተነስቶ ጃኬቱን አወለቀና ሚስማሩ ላይ ሰቀለው።

ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ የምናደደው በእሱ ነው። የወተት ጥርሷን ነቅላ ያልጨረሰች ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል? ግን የናዳው ቀን ጠዋት ለምፓሺ መብራቱን ከሚስማር አውርዶ የሰጠው እሱ ነበር፤ ሰዓቱንም የተቀበለው እሱ። የጓደኛውን ሚስት እየተመኘ ስንት ዓመት ሰዓቱን ሲሞላ ኖረ። ምፓሺ አንድ ቀን “አይሆንም” እንደሚለው ሲጠብቅ የኖረ ይመስለኛል። መልሱ በእኔ አፍ ሲመጣ አላጣራም።

ዓመቱ ሳያልቅ የንጎሳ እናት ቤቷን ሸጣ ወደ ማንሳ፣ ወደ እህቷ አገር ሄደች። ዕቃዋ የተጫነበት መኪና በእኛ በር በኩል አለፈ። ከላይ ተቀምጣ ነበር።

“ፍየሎች!” ብላ ጮኸች። “ነብሩ ጾሙን ሊሄድ ነው!”

እናቴ የቀሚሷን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች። እኔ አጥሩ ላይ ወጥቼ ድል እንዳደረገ ሰው እጄን አውለበለብኩ። አጎቴ ውስጥ ነበር፤ ሰዓቶቹን ይሞላል። እሁድ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አደግሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ስለሚቀላለዱ ጎሳዎች ሙሉ ኮርስ ወስጄ ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁ ሰው ነኝ። አንድም ቀን አጎቴ ትዝ አላለኝም። እሱ ሳያገባ፣ አንድ ሰዓት ሳያስር፣ እሁዱን ሳያዛንፍ ኖረ።

ካቻምና በብርዱ ወራት ሞተ። ለቅሶው ላይ እንደ ደንቡ ነብሮች መጡ። ሬሳ ሣጥኑ ግቢው መካከል እንዳለ አንዲት ወፍራም አሮጊት በልጅ ልጇ ትከሻ ተደግፋ ገባች። ሳቋ ቀድሟት አልገባም፤ ግን አረማመዷን አወቅሁት። ከሣጥኑ ራስጌ ቆመች።

“ተነሥ አንተ ፍየል!” አለች። “ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት አጥንት ልግጥ ነው? ሳትሰባ ሞትክብኝ! ጥርሴን ስዬ ስዬ፣ ያም ሲያልቅ ድዴን ስዬ…”

ለቀስተኛው ይስቃል። እሷም ቀጥላ ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። አፏ እንደተከፈተ ቆየች። የልጅ ልጇ ክንዷን ያዘቻት።

ያኔ ነው የገባኝ። ኮርሱን ያን ጊዜ ጨረስኩት።

ከቀብር መልስ ሽማግሌዎቹ የአጎቴን ቀበቶ ይዘው መጡ። ወራሹ የእህቱ ልጅ ናት፤ እኔ ነኝ። “ምፓሺንም ተሸክማለች እኮ፣ ሁለት ሰው ይቻላታል?” ብሎ አንዱ ሲጠይቅ እናቴ፣ “ሁለቱም ቀጫጭን ነበሩ፣ ምን ይከብዳታል?” አለችው። ጥቁሩን ሰዓት ጠዋት ሞልቼ አስሬው ነበር። አሁን ለአንጓዬ ልክ ነው። ቀበቶውን ከቀሚሴ በላይ ታጠቅሁ።

የንጎሳ እናት ፊቴ ተንበረከከችና አጨበጨበች።

“ምፓሺ፣ ደህና ነህ፣ ባሌ?”

“ደህና ነኝ።”

ቀበቶውን አየች። “አንተስ፣ ካቶንጎ?”

በስሙ ስትጠራው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

“ጠይቆ ነበር” አልኳት።

“ምኑን?”

“አንቺን። ምፓሺን ነበር የጠየቀው። ጃኬቱን ለብሶ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ።”

ለትንሽ ጊዜ አልገባትም። ከዚያ እጇ አፏ ላይ ሄደ። “አንተን? ያኔ? ይህችን ታክል የነበርከውን?”

“አዎ።”

“ምን አልከው?”

“‘ትበላሃለች’ አልኩት።”

ሳቀች፤ ያ የድሮው፣ ከአጥር ውጭ የሚሰማው ሳቅ። ሰዎች ዞረው አዩን። ሳቁ ግን ማለቅ ባለበት ቦታ አላለቀም፤ ሲያልቅ በጨርቋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

“እኔ እኮ አይፈልገኝም ብዬ ነው የሄድኩት” አለች። “የዓሣ ነጋዴ አገባሁ። ደግ ሰው ነው፤ አሁንም በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። አልከፋኝም፤ ውሸት አልናገርም።” አንጓዬንና ወገቤን ተራ በተራ ተመለከተች። “አሁን ሁለቱም እዚህ ናቸው። እስቲ ደግሞ ይጠይቀው።”

ቀልዳ ይሆናል፤ ነብር ናት፣ ሥራዋ ነው። እኔ ግን እጄን ቀበቶው ላይ አደረግሁ።

“ምፓሺ፣ ሚስትህን ብጠይቅ ቅር ይልሃል?”

ቀጥሎ ሰዓቱን አየሁ።

“አይለኝም፣ ወንድሜ። ሂድና ጠይቃት።”

“እሺ፣ ከዚያስ?” አለች፣ ቀስ ብላ።

“የንጎሳ እናት” አልኩ። እጄ መንቀጥቀጡን ያየሁት ያኔ ነው። “ታገቢኛለሽ?”

አንጓዬን በሁለት እጇ ያዘች፤ አሁን መንካት ትችላለች። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰዓቱ ላይ አደረገችና ዓይኗን ጨፈነች፤ ልክ እንደዚያን ጊዜው።

“ዘገየህ፣ ፍየል” አለች።

ጆሮዋን ግን አላነሳችም።